ባድሩ ቤት ስለተገኘው ግራፊክስ ካርድ በሪሁን የሰጠው ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ በሪሁን ሐብተማርያም
ዕድሜ፦ 33
አድራሻ፦ ሮቢንስዴል፣ ሚኒሶታ
ሥራ፦ ፍሪድሊ በሚገኝ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2025
ቃሉን የተቀበለችው፦ ኦፊሰር ዳራርቱ ኦዳ፤ በአማርኛ ተጠይቆ በአማርኛ የተመዘገበ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ስሆን፣ ትናንት ጠዋት ለፖሊስ ደውዬ ግራፊክስ ካርዴ ከቤቴ ተሰርቋል፣ የወሰደውም ጓደኛዬ ባድሩ ነው ብዬ አመልክቻለሁ። ካርዱም ባድሩ ቤት ተገኝቷል። ባድሩ ሆስፒታል ውስጥ በረዳት ነርስነት የሚሠራ ሲሆን፣ በስርቆት ከተከሰሰ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል ተነግሮኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ።

ግራፊክስ ካርድ የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል ነው። የእኔ በገበያ ላይ ካሉት ትልቁ ነው። የገዛሁት ኦቨርታይም ሠርቼ ነው፤ ለፕሮሰሰር፣ ማለትም ለካርዱ ሥራ ለሚያቀብለው የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የተረፈኝ ነገር ስላልነበረ በአሮጌው ቀጠልኩ። ቀደም ሲል ከእኛ ሰዎች የጌም ኮምፒውተር መግዛት የፈለገ ሁሉ የሚያማክረው እኔን ነበር። ባድሩ ከእኛ ጋር መዋል ከጀመረ ወዲህ የሚማከረው እሱ ሆነ። ካርዱና ፕሮሰሰሩ ይመጣጠኑ እያለ ሁለቱንም መካከለኛ ይመርጥላቸዋል፤ እነሱም ገንዘባቸው ተርፎ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ይህ አናዶኛል። ተናደድኩ ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ቀንቻለሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደተለመደው ጓደኞቼ ጌም ለመጫወት ቤቴ መጡ። የመጡት ኦላና፣ ባድሩና ሶሊያና ናቸው። ባድሩ የራሱን ኮምፒውተር ተሸክሞ ነበር የመጣው። ሶሊያና ምንህ ናት ተብዬ ስጠየቅ፣ ላገባት አስቤ ሽማግሌ ስለመላክ ከእናቴ ጋር በስልክ የተነጋገርኩባት ልጅ መሆኗን ገልጫለሁ። ለራሷ ለሶሊያና ግን እስካሁን አልተነገራትም።

ሶሊያና በእኔ ኮምፒውተር መጫወት ስትጀምር ጌሙ ይቆራረጥባት ጀመር። ወደ ባድሩ ኮምፒውተር ዞራ ስትሞክረው አንዴም አልተቆራረጠም። ሳቀች። በእኔ ስለመሳቋ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ግን የተቀመጠችው እዚያው ከባድሩ አጠገብ ነው፤ ሶፋው ጠባብ ነው ቢባል እንኳ ያን ያህል መጠጋት አያስፈልግም ነበር።

ባድሩ የእኔን ኮምፒውተር ከፍቶ አየ። ካርዱ በጣም ጥሩ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራውን ቶሎ ስለማያቀብለው ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል አለ። ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር የእሱ ካርድ ቢገጠምም ለውጥ እንደማይኖረው አስረዳ። የተናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በትሕትና ነው። ይበልጥ ያበሸቀኝም ትሕትናው ነው። ቀጥሎ ካርዴን እያየ የእሱ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን እንዴት እንደሚሠራ በአድናቆት ሲያወራ፣ «ከወደድከው ያንተ ነው፤ ውሰደው» አልኩት።

ይህን ያልኩት ለመስጠት አስቤ እንደሆነ ስጠየቅ፣ አይደለም ብያለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ዕቃህን ሲያደንቅ ውሰደው ይባላል፤ የተባለውም ሰው ኧረ አይሆንም ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ባድሩም አይሆንም ብሎ ነበር። ሶሊያና ቀና ብላ ስታየኝ ግን ደግሜ ውሰደው አልኩ። ባድሩ እዚህ የመጣው ገና በሕፃንነቱ ስለሆነ ይህን ልማድ አያውቅም። ባለማወቁም እየተገረመ ጠየቀኝ።

«ሲሪየስ ነህ?»

«ሲሪየስ ነኝ።»

ኦላና ተው ለማለት እግሬን ረገጠኝ። እሱ አዲስ አበባ ያደገ ስለሆነ ነገሩ ገብቶታል።

ኦላና መኪና ስለሌለው ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚገኘው ቤቱ ላደርሰው ወጣሁ። ሶሊያናንም ተመልሼ አደርስሻለሁ ብያት ነበር። ስመለስ ሁለቱም የሉም። ስደውልላት አላነሳችም፤ ቆይታ ባድሩ ድራይቭ አድርጎ እንዳደረሳት ቴክስት አደረገችልኝ። ከዚያ ኮምፒውተሬን ስከፍተው ካርዴ የለም። በማግስቱ ለፖሊስ ደወልኩ።

ኦፊሰሯ የካርዱ ቦታ ባዶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ውኃ እንዲመጣልኝ ጠይቄ ከጠጣሁ በኋላ፣ ባዶ እንዳልነበረ ተናግሬአለሁ። ባድሩ የእኔን ሲወስድ የራሱን ካርድ ገጥሞልኝ ሄዷል። ስደውል ይህን አልተናገርኩም። ከመደወሌ በፊትም በእሱ ካርድ ተጫውቼ አይቼዋለሁ። ጌሙ አልባሰም፣ አልተሻለም፤ ልክ እሱ እንዳለው ሆነ። ስልኩን ያነሳሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

ካርድህ ይመለስልህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ መጀመሪያ አዎ ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን አይመለስ፣ እሱው ጋ ይቅር ብያለሁ። ኦላናና ሶሊያና እየሰሙ ውሰደው ብያለሁ፤ ወስዷል። ባድሩ አልሰረቀም። ሶሊያናም በባድሩ መኪና የሄደችው ወድዳ ነው፤ እሷንም የሰረቀኝ የለም። ኦፊሰሯ ይህ የመጨረሻው ለጉዳዩ አያስፈልግም ስትለኝ፣ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ይህ ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ እዚህ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ትናንት በስልክ ያልኩት እውነት አልነበረም፤ በዚያም ልጠየቅ እንደምችል ተነግሮኝ፣ አውቄ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ በሪሁን ሐብተማርያም
የተቀባይ ፊርማ፦ ኦፊሰር ዳራርቱ ኦዳ