ካውያ የታሰረበት ቁልፍ

ዛሬስ ብርዱ ጉድ ነው፣ እህቴ! ጣቴ ደንዝዞ መርፌው ደጋግሞ ወጋኝ። አንቺስ እንዴት አደርሽ? ልጁስ? አሁንም ይራገጣል? ይራገጥ፣ ተይው... እዚህ ስፌት ቤት ውስጥ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ እሱ ብቻ ነው።

ምን ሆነሽ ነው ግን እንዲህ የምትቁነጠነጪው? ... አሃ። ገባኝ። ታዲያ ሄደሽ ቁልፉን አትጠይቂም? ይኼን የሚያህል ሆድ ይዞ ማፈር አለ እንዴ?

አዲስ ስለሆንሽ ነው እንጂ እኛ እኮ የታደልን ነን። ስም አልጠራም... ግን አንዳንድ ሰው አለልሽ፣ ለሠራተኛው ሲያስብ እንቅልፍ የሚያጣ። በቀደም ሥልጠና ሄደው አልነበር? የሠራተኛን ሰብዓዊ ፍላጎት ማሟላት ነው አሉ ርዕሱ። ሰው መከበር ይፈልጋል፣ መወደድ ይፈልጋል ሲባል ሰምተው መጡ። መሽናትም ይፈልጋል የሚለውን... እንጃ፣ እሱ ሲነገር ለሻይ ወጥተው ይሆናል።

የተማሩትን ደግሞ ሳያሳድሩ ነው ሥራ ላይ ያዋሉት! ግድግዳው ላይ ያለውን አየሽ? «ሠራተኛችን ቤተሰባችን ነው» ይላል፣ ያውም በወርቃማ ቀለም። የሽንት ቤቱ ቁልፍ እንዳይጠፋብን ብለው ደግሞ ከዚያ ከተቃጠለው ካውያ ጋር አሰሩልን። ይኼ መውደድ ካልሆነ ምንድን ነው? ፊታቸው ቆመሽ ወዴት እንደምትሄጂ ትናገሪያለሽ፣ እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ አንቺ ካውያሽን አቅፈሽ ውልቅ! ኮሪደር ላይ ያየሽ ሁሉ ልብስ ልትተኩሺ የምትሄጂ ነው የሚመስለው። ክብርሽ ተጠበቀልሽ አይደል?

ማበረታቻውንስ አልነገሩሽም? ትናንት ቆራጯ ቶሎ ብላ ስለተመለሰች ማሽኑን ሁሉ አስቁመው አስጨበጨቡላት። ምስኪን! ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ «ጎበዝ» ያላት የለም... መጀመሪያ የተጨበጨበላት ከሽንት ቤት ስትወጣ! እንባዋ መጣ። የደስታ ነው መቼም። እኔማ ቀናሁባት።

ምን ትቆነጥጪኛለሽ? የቢሯቸው በር ገርበብ ማለቱን አይቻለሁ። ይስሙ እንጂ! ምን ክፉ ወጣኝ? ማመስገንም ተከለከለ? ጮክ ልበልና እንዲያውም... «በዚህ ዓይነት ዛሬውኑ ሥራውን ጥዬ እሄዳለሁ» የምትይውን ነገር ተይ! በዚህ ሆድ ማን ይቀጥርሻል? ቢቀጥሩሽስ፣ እንዲህ የሚያስብልሽ ሰው ከየት ታገኛለሽ?

ሰማሽ? ... ሳሉ። ብርዱ እሳቸውንም አገኛቸው መሰለኝ። ... ወንበሩ ተንቋቋ። ተነሡ! ካውያውን አነሡ! አላልኩሽም? ሆደ ቡቡ እኮ ናቸው! ራሳቸው ይዘውልሽ ሊመጡ ነው። በይ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ፣ ጠረጴዛውን ያዢ...

እ? ... አለፉን እኮ። ወዴት ነው?

ገቡ።

ቆለፉትም።

ተቀመጪ የኔ እናት፣ ተቀመጪ። እግርሽን አጣምሪና በረጅሙ ተንፍሺ። ጎሽ። እኛ እስኪወጡ ድረስ እንመርቃቸው፤ በሩ ስስ ስለሆነ ይሰማቸዋል። ዕድሜ ይስጣቸው! ረጅም ዕድሜ! እርጅና ሲመጣ፣ ጉልበት ሲከዳ፣ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታቸው... ልክ እሳቸው ለእኛ እንዳሰቡልን የሚያስብላቸው ልጅ ይስጣቸው።

አሜን በይ እንጂ!