ጥጋቡ ጓሮ የፈለገው መተት

(ኮምቦልቻ፤ ጡረታ የወጣችው ነርስ የወይዘሮ ይመኙሻል በረንዳ። የኢሱዙ ሾፌሩ ታናሽ ወንድሟ ጥጋቡ፣ ያባረራትን ሚስቱን ስንዱን ሊፈታ፣ ለአባቷ ንገሪልኝ እያላት ነው።)

ይመኙሻል፦ አልሄድም አልኩህ! ምን ልበላቸው? «ልጅዎ ወንድሜን በመተት አስራ ከአልጋ ላይ ወንድነቱን ወሰደች» ልበል?

ጥጋቡ፦ እውነቱ እሱ ነዋ፣ እትዬ! ስምንት ወር ሙሉ በድን ስሆን ዝም ብሎ ነው?

ይመኙሻል፦ ሁለት ፓኮ ሲጋራ በቀን! ከመሪው ስትወርድ ቢራና ጥሬ ሥጋ! የግፊት ክኒንህስ?

ጥጋቡ፦ ጣልኩት። የምታቀርብልኝ እሷ አይደለች? ምን እንደነካካችው በምን አውቃለሁ?

ይመኙሻል፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ጥጋቡ፦ ማስረጃ አለኝ። ጓሮ፣ ቁልቋሉ ሥር ጉንዳን ይርመሰመሳል። እዚያች ቦታ ብቻ! የቀበረችው ነገር ባይኖር ምን ይሠራል? ትናንት እስከ ወገቤ ቆፈርኩት።

ይመኙሻል፦ ምን አገኘህ?

ጥጋቡ፦ ምንም። ቀድማኝ አንስታዋለች።

ይመኙሻል፦ ሽንትህን የት ነው የምትሸናው?

ጥጋቡ፦ ምን አገናኘው?

ይመኙሻል፦ የት ነው አልኩህ!

ጥጋቡ፦ እዚያው ነዋ... ቁልቋሉ ሥር። ሽንት ቤቱ ይርቃል፤ ሰሞኑን ደግሞ በየሰዓቱ ነው የሚያስነሳኝ። ውሃ ጥሙማ አይነሳ።

ይመኙሻል፦ ስኳር ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ጉንዳኑ የመጣው ሽንትህ ጣፍጦት ነው! ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ሳይ፣ የገዛ ሽንቱን መተት ብሎ በአካፋ ያሳደደ ግን አላጋጠመኝም።

ጥጋቡ፦ ስኳርና... ያ ነገር ምን አገናኛቸው?

ይመኙሻል፦ ስኳሩም ግፊቱም የደም ሥር ያበላሻል፤ ትንባሆው ይጨምርበታል። ደም ካልደረሰው በምን ይነሳ? በፉከራ? ነገ ተመርመር፤ ልብህም ይታይ፣ ቀጥሎ የሚያመው እሱ ነው።

ጥጋቡ፦ ይድናል?

ይመኙሻል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሐኪሙ ፊት አፍህን ከፍተህ ከተናገርክ፣ ብዙው ሰው ይሻለዋል።

ጥጋቡ፦ ሐኪሙስ ይሁን። ስንዱ ናት ያስጨነቀችኝ። እስካሁን ለአባቷ ሁሉን ዘርግፋለች፤ በየት ፊቴ ልያቸው?

ይመኙሻል፦ ከትናንት ወዲያ ሄጄ ነበር። ለምን እንዳባረርካት አባቷ ሲጠይቋት እዚያው ተቀምጫለሁ። «ምላሴ አስመርሮት ነው፣ እሱ ምንም አይወጣለትም» አለቻቸው። ያዋረድካት ሴት ናት እስካሁን ወንድ ያሰኘችህ!