ሳሊማ የምትሄድበት ባሕር

ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስንሄድ የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሣሩ ተቃጥሎ ሜዳው ጠቁሯል። ረዳቱ ክሪኩን ሲያወጣ እኛ ተሳፋሪዎቹ ወርደን አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ተጠለልን። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች የሚተዋወቁ ሆነው ተገኙ። አንደኛው ሼህ ሙዐዊያ፣ ባምባሲ ገበያ እህል የሚነግዱ የቤርታ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው እዩኤል ይባላል፤ ልጃቸውን ሳሊማን ጂኦግራፊ ያስተማረ ወጣት ነው።

ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ በደንብ ከተጠያየቁ በኋላ እዩኤል፣ «የሳሊማ ጉዞ መቼ ሆነ?» አለ።

«ጉዞ የለም» አሉ ሼሁ። «አሁን አሶሳ የምሄደው ይህንኑ ለቢሮው ልነግር ነው። ስሟን ይሰርዙ፤ ዕድሉን ለሌላ ልጅ ይስጡ።»

እዩኤል ደነገጠ። ሳሊማ ያገኘችው ሞሮኮ ሄዳ የዓሣ አያያዝ እንድትማር የሚያስችል ነፃ የትምህርት ዕድል ነበር።

«ምን አጥፍታ ነው ሼህ?»

«እሷ ምን ታጠፋለች! ባሕሩ ነው እንጂ። የወንድሜ ልጅ በስልኩ አሳየኝ። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ከተማ ነው። ነፋስ መጣ፤ ቆርቆሮውን እንደ ቅጠል፣ መኪናውን እንደ ቆርቆሮ አነሳው። ሃሪኬን ነው አለኝ። ሳሊማ የምትማርበት ከተማም ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ልጄን ለነፋስ ልስጥ?»

«ያ ሌላ ባሕር ነው እኮ።»

«ባሕር ባሕር ነው! ውሃ በሰፋ ቁጥር ነፋሱ ይብሳል። የጉባው የግድብ ሐይቅ እንኳ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። እሱ ደግሞ ዳር አለው።»

ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይቆጣል፤ ወይም መጽሐፍ ይጠቅሳል። እዩኤል ግን ሜዳውን ያይ ጀመር። ከተቃጠለው መሬት ላይ አንድ አዙሪት አመድና አቧራ እያነሳ ይሽከረከር ነበር።

«ሼህ፣ እንዲህ ያለው አዙሪት ጠዋት ይነሳል?»

«ጠዋት ምን ሊሠራ! ፀሐይ ሲበረታ ነው።»

«እዚህ ማንጎ ሥርስ?»

ሼሁ ሳቁበት። «የከተማ ልጅ! ጥላ ሥር አይነሳም። የተቃጠለ መሬት ነው የሚወደው፤ ጥቁር መሬት ይግላል። ወደ ለምለሙ፣ ወደ ወንዙ ከሄደ ይሞታል። ልጅ ሆኜ ስንቱን ተከትዬዋለሁ!»

«ለምን ይሞታል?»

«ከታች ሙቀት የለማ! በምን ይቁም?»

«እንግዲያው ሥራዬን ጨረሱልኝ» አለ እዩኤል። «ሃሪኬን ከዚህ እጅግ ይገዝፋል፤ አፈጣጠሩም ይለያል። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከታች ሙቀት ይፈልጋሉ። ሃሪኬን የሚኖረው ከሞቀ ባሕር በሚነሳ እርጥብ አየር ነው። ባሕሩ ሃያ ስድስት ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ አይጠነክርም። በሞሮኮ በአትላንቲክ በኩል ያለው ውሃ ግን ከጥልቁ የሚወጣ ቀዝቃዛ ነው፤ በሙቀቱ ወራት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስም። ዋናው ስፋቱ አይደለም ሼህ፣ ሙቀቱ ነው።»

ሼሁ ነጋዴ ናቸውና እህሉን ዘግነው ሳያዩ አይገዙም።

«ቆይ» አሉ። «አዙሪቱ ጥቁሩ መሬት ላይ ተነስቶ እየሮጠ ጥላው ውስጥ ቢገባስ? ወዲያው አይሞትም። አንዱ ግቢያችን ገብቶ የተሰጣ ልብስ ወስዷል። የእኔን ሱሪ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው ያወረድነው!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እዩኤልም ስቆ፣ «ትክክለኛ ጥያቄ ነው» አለ። «በሞቀ ባሕር ያደገ ነፋስ ከስንት አንዴ ወደ ቀዝቃዛው ሊሻገር ይችላል። ጉልበቱ እየከዳው ይሄዳል እንጂ ባንዴ አይጠፋም። ነፋስም፣ ከባድ ዝናብም፣ ጎርፍም ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ‹ፈጽሞ አይመጣም› ብዬ አልምልልዎትም።»

ልብ ብዬ አየሁ፤ የሽማግሌው ፊት የተፈታው ይህን ሲሰሙ ነው።

«ፈጽሞ አይመጣም ብትለኝ፣ ወላሂ፣ አላምንህም ነበር፤ ቀጥ ብዬ ቢሮ ገብቼ ስሟን አሰርዝ ነበር። እዚህስ ቢሆን ከመብረቅ ማን ዋስ ሆነልን? ታዲያ ምን ታድርግ?»

«ጎርፍ የሚወርድበት ቦታ ቤት አትከራይ። የአየር ትንበያ ትስማ። ውጡ ከተባለ ትውጣ፤ ዕቃ ልሰብስብ አትበል።»

«እናቷ ብትሆን ድስቷን ሳትይዝ አትወጣም።»

«ደግሞ ይህን ይወቁ ሼህ። ነፋሱን የሚያደክመው ቀዝቃዛ ውሃ ዓሣውን ይቀልባል፤ ከጥልቁ ሲወጣ ለባሕሩ ምግብ ይዞ ይወጣል። እዚያ ዓሣ አስጋሪው ብዙ ነው። ዓሣ እንዳይበላሽ ማቆየትን የሚያውቁትም ለዚህ ነው።»

ሼሁ በረዥሙ ተነፈሱ። «የጉባ ዓሣ እኛ ጋ ሳይደርስ ይሸታል። ስንት ሰው የደከመበት ነው የሚደፋው።»

የአባት ፍርሃት የሚናቅ አይደለም፤ ፍቅር ነውና። ነገር ግን አደጋን በስሙ ብቻ የሚፈራ ሰው አደጋው የት እንዳለና የት እንደሌለ አይለይም፤ ከሌለበት ይሸሻል፣ ካለበት ይቀመጣል። መንስኤውን ያወቀ ግን ጥንቃቄውን በልኩ ያደርጋል፤ ልጁም ትማራለች፣ አገሩም ከዕውቀቷ ይጠቀማል።

ጎማው ተቀይሮ ረዳቱ «ግቡ!» ሲል ሼሁ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። የስልኩ ድምፅ ከፍተኛ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን።

«ሳሊማ፣ ትሄጃለሽ።»

«አባ፣ እውነትህን ነው? ማን አሳመነህ?»

«እኔን ማን ያሳምነኛል! መምህርሽን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ነፋስ በምን እንደሚቆም አስረዳሁት። ቶሎ ይገባዋል፤ ጎበዝ ልጅ ነው።»

እዩኤል አንገቱን ደፍቶ ሳቀ እንጂ አላስተባበለም።