ሙጫው እስኪደርቅ

እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ? አይ፣ አትመልሺልኝ፤ ከንፈርሽን እየተቀባሽ ነው፣ ይበላሽብሻል። ራስሽን ብትነቀንቂ ይበቃኛል። እንቅልፍስ? … አሃ። ጫማሽ እንዴት ያምራል! እኔ እንደ አንቺ ዓይነት ተረከዝ ባደርግ እዚህች ደረጃ ላይ ነበር የምቀረው። ሻይሽን አጠገብሽ አስቀምጬልሻለሁ፤ ባለ ብሩሿ ስትጨርስሽ ትጠጫለሽ። እኔማ ነጩ ዊጌ ከመኪና ላይ እስኪወርድ ሥራ የለኝም፤ ሥራ ሳጣ ደግሞ አፌ አያርፍም።

ጋሼ፣ እርስዎም እንዴት አደሩ? ኧረ አይናገሩ! ባለ ብሩሿ ምን አለችን? ከጆሮዎ ጀርባ ቆዳውን ወደ ኋላ ስባ የለጠፈችው ፕላስተር፣ ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ አፍ አይንቀሳቀስም አላለችም? ባለፈው ሳምንት አንዴ ብቻ "እህ" ቢሉ ግራ ጉንጭዎ ወርዶ፣ ተማሪው በግማሽ ፊቱ ጡረታ ወጣ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ላለ ሰው ደግሞ ሙጫውም ቶሎ ይደርቅለታል።

አየሽ የኔ ልጅ፣ ዳይሬክተራችን ጋሼ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ናቸው። አንቺ ፍቅረኛቸው ነሽ። እኔ አያታቸው ነኝ። በልደት ቢቆጠር እኮ እሳቸው ይበልጡኛል… ግን ማን ይቆጥራል? ጥበብ ነው! ጥበብ ደግሞ የልደት ቀን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሴቷን ብቻ ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ አንድ የማውቃቸው ዳይሬክተር ትዝ አሉኝ። እዚህ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ነው፤ እናንተ አታውቋቸውም። ጋሼም አያውቋቸውም። አሁንም አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። እንደሳቸው ለሴት የሚያስብ ሰው በዚህ ሙያ አይቼ አላውቅም! ድርሰቱን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ዋናውን ሰው ራሳቸው ይሠራሉ። ለምን ይመስልሻል? ሴቶቹ እንዳይደክሙ ነዋ! ንግግሩን በሙሉ እሳቸው ይሸከሙታል። ለሴቷ የሚተዉላት "እሺ" እና "አትሂድብኝ" ነው፤ ሲበዛባት ደግሞ ለቅሶ። አንዲት ጋዜጠኛ "ምነው ሴቶቹ የረባ ሥራ የላቸውም?" ብላ በአደባባይ ብትጠይቃቸው፣ ወዲያው በሚቀጥለው ድራማ ሴቷን ሐኪም አደረጓት። ሐኪም! እሳቸው ጣታቸው ተቆርጦ ሲመጡ ደሙን አይታ ራሷን የምትስት ሐኪም። በዚያው በተቆረጠው ጣታቸው ውሃ ረጭተው ያነቋት እሳቸው ናቸው። ተመልካች ሁሉ አጨበጨበ።

ሰው ሲመርጡም ደግነታቸው ልዩ ነው። ወንዶቹን ያስለቅሷቸዋል፣ ያስቆጧቸዋል፣ ገጽ ሙሉ ንግግር ያስጠኗቸዋል። ምስኪን ወንዶች! ሴቶቹን ግን አያንገላቱም። "እስቲ ዙሪ" ይላሉ። በቃ። ዞረሽ ስትጨርሺ ተዋናይት ነሽ። ካሜራቸውም ጨዋ ነው፤ ሴት ስትገባ ዓይኗን ማየት ነውር ስለሚመስለው ከእግሯ ነው የሚጀምረው። ፊቷ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ትዕይንቱ ያልቃል።

ደግሞ ጊዜን የማስቆም ተሰጥኦ አላቸው። በሁላችንም ላይ ዓመት እንዲሁ ያልፋል፤ በሳቸው ላይ ግን አስፈቅዶ ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያው ድራማ ፍቅረኛቸው የነበረችው ልጅ፣ በሚቀጥለው ታላቅ እህታቸው ሆነች። ከዚያ እናታቸው። አሁን አያታቸው ናት። እሳቸው? አሁንም አንደኛ ዓመት ናቸው! ይሄን ያህል ጊዜ አንደኛ ዓመት የቆየ ተማሪ ሌላ ቦታ ቢሆን ይባረራል፤ እሳቸው ተሸለሙ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። እኛ ቤት ግን በዊግ ነው የሚያልቀው… እኛ ቤት አልኩ እንዴ? እነሱ ቤት ማለቴ ነው።

ግን እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቅላቸው የልምምድ ፍቅራቸውን ነው።

ልምምድ ስል… አንቺም ዛሬ ማታ አለሽ አይደል? ትናንት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ስትነግሪኝ ሰው እንዳይሰማን ብለሽ ያንሾካሾክሽው ለምንድን ነው? ለአዲስ ልጅ፣ ዳይሬክተሩ ራሳቸው፣ በገዛ ቤታቸው፣ ብቻዋን! ምን ያህል ቢያስቡልሽ ነው? "ካልመጣሽ የምትጫወችውን ክፍል ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ" ያሉሽም ለሥራው ተጨንቀው ነው። ይሄን ክፍል ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኳሽ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁ እኮ ነው ያሉሽ። ታዲያ ባለ ብሩሿ ዓይንሽ ሥር ሁለቴ ደርባ ስትቀባሽ አየሁ። ያበጠው ከደስታ ብዛት ነው የሚሆነው።

እኚያ የምነግርሽ ሰውዬም እንደዚሁ ነበሩ። ታዲያ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሞኝ ነገር። ከቴያትር ቤት ነው የመጣችው። ቴያትር ቤት ደግሞ ልምምድ ከተባለ ልምምድ ነው፤ መጋረጃ ጎታቹ እንኳ ከቀረ አይጀመርም። ሰውዬው ጠጋ ብለው "ማታ እቤቴ ነይ፣ የሠርጉን ትዕይንት እንለማመዳለን" አሏት። ልጅቷ ደስታዋን አልቻለችውም። ሙሽራ ሆና ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነዋ! ቁጭ ብላ አሰበችና፣ ሠርግ ያለ ሰው ይሆናል እንዴ ብላ፣ በትዕይንቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ መጥራት ጀመረች። የሙሽራውን አባት ጠራች። ሚዜዎቹን ጠራች። ጎረቤት ሆነው የሚያጨበጭቡትን ጠራች። የድምፅ ባለሙያው ቅር እንዳይለው ብላ እሱንም ጠራች፤ እሱ ደግሞ መብራት የሚይዘውን ይዞ መጣ። በአንድ ሚኒባስ ተጠቅጥቀው ሄዱ።

በሩን ሲከፍቱ ብታያቸው! ባለቤታቸው ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። እሳቸው የሐር ካባ ደርበዋል፤ ከካባው ሥር ምን እንደነበር ልጅቷ እስከ ዛሬ አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። ሽቷቸው ሚኒባሱ ድረስ ይጣራል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ሻማ። ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ሁሉም ተሟልቷል፣ የቀረ ሰው የለም!" ስትናገር እንዴት ኮርታ!

አባት ሆኖ የሚሠራው ሽማግሌ ሻማውን ሲያይ እንባው መጣ። "ለኛ ብለህ ነው? በዚህ ሙያ ይሄን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ ያከበረኝ ዳይሬክተር አላጋጠመኝም" ብሎ አቀፋቸው። ለሁለት የተሠራው እራት ሚዜዎቹን እንኳ አላዳረሰም፤ ጓዳ ተፈተሸ። መብራት ያዡ አምፖሉን ፊታቸው ላይ ለቀቀባቸው። የድምፅ ባለሙያው "ጋሼ፣ ካባው ይንኮሻኮሻል፣ ቢያወልቁት?" አላቸው። አላወለቁትም። በካባው ጫፍ ጉልበታቸውን እየሸፈኑ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ የሠርጉን ትዕይንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተለማመዱ። ጎረቤቶቹም ከልባቸው አጨበጨቡ።

ልጅቷ ነገሩ የገባት ወደ ቤት ስትመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ በሳቅ ሲንፈራፈር ነው። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ሁለቱ ሳህን ትዝ አላት። ብቻዋን ብትሄድ ኖሮስ? ያን ሌሊት አልተኛችም።

በሳምንቱ አዲሱ ስክሪፕት ታደለ። ሙሽራዋ ሌላ ልጅ ናት። እሷ የሙሽራው ታላቅ እህት ሆናለች፤ የምትናገረው "ግባ፣ እራት ቀርቧል" የሚል ብቻ ነው። ማንም ለምን አላለም። እነዚያ በሳቅ የተንፈራፈሩት ሁሉ ስክሪፕታቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ። እሷም ስክሪፕቷን ይዛ እቤቷ ገባችና አለቀሰች፤ ያለ ዳይሬክተር፣ ያለ ካሜራ። አርጅታ እኮ አይደለም! ፀጉሯን ያሸበተው የሜካፕ ዱቄት ነው እንጂ ዕድሜ አልነበረም። ቴሌቪዥን ላይ አንዴ ከሸበትሽ ደግሞ ማንም መልሶ አያጠቁርሽም። ተናደደች። ዛሬም ድረስ ትናደዳለች፤ ነጩን ዊግ ባደረገች ቁጥር እንደ አዲስ ትናደዳለች።

ምን ታይኛለሽ? እኔ ነኝ እንዴ? ኧረ ወዲያ! እኔ አያት ነኝ፣ ምን አውቃለሁ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ሰው ሁሉ በጅቡ ድፍረት ይስቃል። እኔን ግን የሚገርመኝ፣ በሚያውቁት አገር ተቀምጦ ሲነጠፍለት ነው። እናነጥፋለን እኮ… ያነጥፋሉ ማለቴ ነው። አንዱ ቁርበቱን ያመጣል፣ አንዱ ያራግፋል፣ አንዷ ደግሞ "ተኝተው እንዳይቀሰቀሱ" ትላለች።

እንዴ ጋሼ፣ ፊትዎ ቀላ! ሙጫው አቃጠለዎት? ትንሽ ነው የቀረው፣ አይዞዎት። ባለ ብሩሿ፣ አራግቢላቸው እስቲ።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ልክ መኪናው ውስጥ ስገባ ስልኬ ጮኸ። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የእኚያ ሰውዬ ሴት ልጅ! ያቺ ትንሿ እኮ አድጋ ባንቺ ዕድሜ ሆናለች። ድምፅዋ ሲያምር! "እትዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪብኝ፤ ተዋናይት ልሆን ነው" አለችኝ። ደስ አይልም? በአባቴ ስም አልገባም ብላ፣ እሱን ከማያውቅ ዳይሬክተር ዘንድ ሄዳ ተፈተነች። እንዲያው ፈተናው ምን ነበር አልኳት። "ዙሪ አለኝ፣ ዞርኩ፣ አለፍኩ" አለችኝ። የሙያው ሕግ እንዲህ ከቤት ቤት አለመለየቱ አያስደንቅም?

ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። ትናንት አንቺ እንዳንሾካሾክሽው ማለት ነው። "እትዬ፣ ዛሬ ማታ እቤቱ ለልምምድ ነይ ብሎኛል፣ ብቻዬን። ካልመጣሽ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ ብሎኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር?"

እኔ ምን ልበላት? እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። በልምምድ ነገር ከአባቷ በላይ አዋቂ ከየት ይመጣል? "አባትሽን ጠይቂው" አልኳት። "አፍራለሁ" አለችኝ። ምን ያሳፍራል? ሥራ አይደል? "እሱ 'ሂጂ' ካለሽ ትሄጃለሽ፣ 'ቅሪ' ካለሽ ግን ለምን እንደሆነ በደንብ ያስረዳሽ" አልኳት። ሳትጠይቀው እግሯን ከቤት እንዳታነሳ ቃል አስገብቻታለሁ። እስካሁን ሳትደውል አትቀርም… ምን የሚንዘረዘር ነገር አለ? የማን ስልክ ነው?

ጋሼ? ኧረ አይነሱ! አንቺ ባለ ብሩሽ፣ ያዣቸው፣ ግራው ተላቀቀ! … ቀኙም! ወይኔ፣ የደከምሽበት ፊት! ስልክዎን ነው? ይኸውልዎ። ቆይ፣ በእጅዎ ምንድን ነው የሚሉት? ዛሬ ማታ… የለም? ልምምዱ ቀረ? ሰማሽ የኔ ልጅ? ልምምድሽ ቀርቷል። ክፍሉስ ጋሼ? የሷው ነው? ነቀነቁ! ባለ ብሩሿ፣ አይተሻል፣ መብራት ያዡም በሩ ላይ ቆሞ አይቷል። አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? አታልቅሺ፣ ሁለቴ የተቀባ ዓይን ነው። በይ ሻይሽን ጠጪ።

እኔ ምን አጠፋሁ? ስለማታውቁት ሰው ነው እኮ የማወራው። ይደውሉ ጋሼ፣ ይደውሉ፣ እኛ አንሰማም። አባት አይደሉ? የሰው ልጅም ቢሆን ያሳዝናል። እኔም ያቺን ልጅ ባዶዋን አልሸኘኋትም፤ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ከልቤ መርቄያታለሁ። "ልጄ፣ እግዜር የሰው ውለታ አያስቀርም፤ አባትሽ ለሰው ልጆች ያደረገውን ደግ ነገር ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድል ላንቺ የሚያደርግልሽ ዳይሬክተር ይስጥሽ" አልኳት። አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ… ሙጫው እንደሆነ ለቋል።