ሽማግሌ እንዳያየው

ደሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፤ ወይዘሮ ዘይነባ የወንድ ልጇን የኑረዲንን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛን የጨረሰችው የመጨረሻ ልጇ ሐያት ደግሞ እናቷ የከተተችውን እየተከተለች ታወጣለች።

ዘይነባ፦ መልሺው! ሹራቡን መልሺው አልኩሽ፤ ሐይቅ አክስትሽ ጋ ንፋስ አለ።

ሐያት፦ ኑሬ ሐይቅ አይሄድም። ሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው። ስንት ተለማምጬ እሺ እንዳስባልኩት ታውቂያለሽ?

ዘይነባ፦ ነገ ሽማግሌ እየመጣ ስለ ሰኞ ታወሪኛለሽ! እህትሽን ሰሚራን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ አዛውንቶች ሳሎን ቁጭ ብለው፣ እሱ ከጓዳ ብቅ ብሎ “ማነው ስሜን የጠራው?” ይበላቸው?

ሐያት፦ ይበላቸዋ! እነሱም ስማቸውን ይነግሩታል፣ በዛው ይተዋወቃሉ።

ዘይነባ፦ ትቀልጃለሽ አይደል?

ሐያት፦ ካልቀለድኩ ላለቅስ ነው፣ እማ። የቱ ይሻልሻል?

ዘይነባ፦ ልጁ ምንም አልሆነም። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ከብዶት ነው። ትንሽ አየር ይለውጥ።

ሐያት፦ አየር? መስኮቱን በብርድ ልብስ የጋረደ ሰው እኮ ነው! ገላውን ከታጠበ ስንት ጊዜው። ምግብ ሳቀርብለት መጀመሪያ እኔ ካልቀመስኩለት አይነካም። “ከግድግዳው ጀርባ ስለኔ ያወራሉ” ይለኛል። ከግድግዳው ጀርባ ያለው እኮ የነ ሐጂ ከማል በግ ነው!

ዘይነባ፦ ዓይን ነው። ካምፓስ የገባ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ አይቶታል። ቁርዓን ሲቀራበት ይለቀዋል።

ሐያት፦ ይቀራበት፣ ማን ከለከለ? ሼህ ሙስጠፋ ራሳቸው “ቁርዓኑም ይቀራ፣ ሐኪምም ይየው” አይደል ያሉሽ? የመጀመሪያውን ሰማሽና ለሁለተኛው ጆሮሽ ተደፈነ።

ዘይነባ፦ እዛ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ ያየው ሰው ምን ይላል? “የዘይነባ ልጅ አበደ” ነው የሚለው።

ሐያት፦ ታሟል በያ! ታይፎይድ የያዘው ጊዜ አዝለሽው የሮጥሽው አንቺ አይደለሽም? ያኔ ማን ምን አለሽ?

ዘይነባ፦ ታይፎይድ ዘር አያስጠራማ! አክስትሽ ፋጡማ ለምንድነው ሳታገባ የቀረችው? መልክ አጥታ ነው? ወንድሟ አበደ ተብሎ ነው! ሽማግሌ መጥቶ መጥቶ ከበር ሲመለስባት በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ነገር ሰዉ ረሳልን ብዬ ተንፈስ ስል ይሄ መጣብኝ። የነገዎቹ ከወልድያ ናቸው፣ አያውቁንም። ሰሚራንም እንደ ፋጡማ ልያት?

ሐያት፦ ሰሚራ ራሷስ ስለ ኑሬ መሄድ ምን አለች?

ዘይነባ፦ ምን ትላለች፣ አለቀሰች።

ሐያት፦ ማልቀስ እሺ ማለት ነው እንዴ?

ዘይነባ፦ እምቢም አላለች። ቆይ፣ አንቺ ደሞ ምን ሆነሽ ነው? ዓይንሽ ጎድጉዷል።

ሐያት፦ ሌሊት እሱ ሲነሳ አብሬው ስለምነሳ ነዋ! “ይሰማሻል?” ይለኛል። ይሰማኛል ብዬ አልዋሸውም፣ ውሸትህን ነው ብዬም አላሳፍረውም። “እኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ አያለሁ” ስለው እጄን ይይዘኛል። ብቻዬን ከበደኝ፣ እማ። ተራ እንግባ፣ አንድ ቀን አንቺ አንድ ቀን እኔ ልልሽ ነበር የመጣሁት። አንቺ ሻንጣ ይዘሽ ጠበቅሽኝ።

ዘይነባ፦ እኔ እንደዛ ሆኖ ሳየው ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ።

ሐያት፦ ፋጡማስ ምን ልታደርገው ነው?

ዘይነባ፦ የጓሮዋን ክፍል አጽድታለች። በሩ ከውጭ ይዘጋል።

ሐያት፦ ከውጭ?

ዘይነባ፦ የሰሚራ ሰርግ እስኪያልፍ ብቻ ነው!

ሐያት፦ አጎቴን የዘጉበት ክፍል ነው አይደል?

ዘይነባ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ይሰማሻል።

ሐያት፦ ከዛ ክፍል በሬሳ ነው የወጣው፣ እማ። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።

ዘይነባ፦ ቀንሺ አልኩሽ!

ሐያት፦ እሺ፣ ቀነስኩ። ነገ ጓዳ ውስጥ አብሬው እውላለሁ። ሲጨንቀው እጁን እይዘዋለሁ፣ እሱ ዝም ይላል። ሰኞ በጠዋት ደሞ ይዤው እሄዳለሁ፣ አንቺ መምጣት የለብሽም። በቃ እሺ በይኝ።

ዘይነባ፦ ሽማግሌ “ወንድም የላትም ወይ?” ይላል። አለ ካልኩ ይጠራና ይሳማል፣ ይመረቃል። ምን አስመስዬ ላውጣው? አልችልም፣ ሐያት። “ስንት ልጅ አለሽ?” ሲሉኝ ሁለት ሴቶች ብቻ ነው የምላቸው። ጨረስኩ።

ሐያት፦ ሁለት አትበያቸው፤ አንድ በያቸው። እኔ የኑሬ እህት ነኝ።