በፎቶው ውስጥ የቀረው ክብደት

በደም ሥር በጠብታ የሚሰጥ የከረጢት መድኃኒት ከፋርማሲ ተቀብዬ ወደ ሕፃናት ክፍል ስወጣ፣ የፕሮግራመሮቹ ክፍል በር ላይ ጭቅጭቅ ሰምቼ ቆምኩ። ነርስ ነኝና ነገሩ አያገባኝም፤ ጆሮዬ ግን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል! "አባ ፍጥነት" የምንላቸው አንጋፋው ፕሮግራመርና በቅርቡ ተመርቃ የመጣችው የእህታቸው ልጅ ተፋጠዋል። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላልን ፕሮግራም የሚሠራው እሳቸው በጻፉት የስክሪፕት ማስኬጃ፣ ማለትም የተጻፈውን ትእዛዝ እያነበበ በሚያሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው።

"አጎቴ፣ ይስሙኝ እንጂ! ስናፕሾት ማለት ሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፎቶ ነው። ማሽኑ ጠዋት ከባዶ አይነሳም፤ ፎቶው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ይዞ ይነሳል።"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!" ብለው ሳቁ። "ድሮ ማሽኑ እስኪነሳ ነርሶቹ ቆመው ያንቀላፉ ነበር። አሁን ሲነኩት ዝግጁ ነው። እኔም እንደ ደንቤ ሞክሬው፣ ሲሠራ አይቼ ነው ፎቶውን የማነሳው።"

"እሱን ነው የፈራሁት! ሲሞክሩት የማንን ክብደት አስገቡ?"

"የራሴን ነዋ! የማንን ላስገባ?"

"ክብደቱን ደግሞ ግሎባል አድርገውታል፤ ሁሉም የፕሮግራሙ ክፍል የሚያነበው የጋራ ዕቃ። ከሙከራው በኋላ ማን አጸዳው?"

አባ ፍጥነት ተቆጡ። "ነርሷ የታካሚውን ስታስገባ የኔ ይጠፋ የለም እንዴ?"

"ብትረሳስ?"

አንዱን ማሽን አጥፍታ አስነሳችው። የያዝኩት መድኃኒት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ስሙን ጻፈች፤ የክብደቱን ቦታ ባዶ ተወችው። ማሽኑ ምንም ሳይጠይቅ መጠኑን አወጣ።

ቁጥሩን ከያዝኩት ጋር አስተያየሁት። በእጄ ባለው ከረጢት ላይ የተለጠፈው ቁጥር ራሱ ነው! መጠኑን ያሰላችው ነርስ የልጁን ክብደት ማስገባት ረስታለች ማለት ነው።

"ኧረ በስመ አብ! ይሄን እኮ የሦስት ዓመት ልጅ ነው የሚወስደው!" ብዬ ጮህኩ።

አባ ፍጥነት ከረጢቱን ነጥቀውኝ አነበቡና ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። "በኔ ክብደት? ሕፃን ልገድል ነበር?" ወዲያው ስልኩን አንስተው በየክፍሉ ደወሉ፤ መጠን ሁሉ ዳግም ሳይሰላ ለማንም እንዳይሰጥ ለመኑ። እኔም ከረጢቱ ላይ "አይሰጥ" ብዬ ጻፍኩበት።

ስልኩን ሲዘጉ "እንዴት ይሁን፣ ልጄ?" አሉ።

"ፎቶው ከሙከራ በፊት ይነሳ። ከታካሚ ታካሚ የማይለወጠው ብቻ ይቀመጥበት። የታካሚ ነገር ግሎባል አይሁን፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ተፈጥሮ ሲያልቅ ይጥፋ። ክብደት ካልገባም ማሽኑ አላሰላም ይበል።"

"ፍጥነቱስ?"

"ንክች አይልም።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ነክቶኝ ነው!" ብለው ግንባራቸውን መቱ። ያን ዕለት ሁሉንም ቀየሩት።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልንገርህ፦ ማሽኑ እንደ በፊቱ ቶሎ ይነሳል፤ የአንዱ ታካሚ ነገር ለሌላው አይተርፍም፤ የረሳች ነርስም ማሽኑ ራሱ ያስታውሳታል። ልማድ ስላረጀ ብቻ ደኅና ነው አይባልም።

በልጁ ክብደት ዳግም የተሰላውን መድኃኒት ከፋርማሲ ይዤ ስወጣ የልጁ እናት አልጋው አጠገብ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

"ምነው እህቴ፣ ቆየሽብኝ?"

"ልጅሽ ስንት ኪሎ እንደሆነ ስናጣራ ነው" አልኳት።

"ለዚህ ነው?" ብላ ሳቀች። "እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ እነግራችሁ አልነበር!"