ለሜዲትራኒያን የታሸገ ጋቢ

በስደት ከተማችን በሃቫና ስትሪት በሚያልፈው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ወጣት እናትና በዕድሜ የገፉ ጎረቤቷ፣ በወሬያቸው ሜዲትራኒያንን እየቀዱ እግሬ ሥር ያፈሱት ነበር።

«አንታሊያ ለእረፍት የያዝነው ሆቴል ለልጆች የተመቸ ነው እትዬ፤ ባሕሩ ደጃፉ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

«ደጃፉ ላይ መሆኑ ነዋ! ልጄ ውሃ ካየች ወደ ኋላ አታይም፤ እኔና አባቷ ደግሞ ዋና አንችልም።»

«ጠባቂ የለውም?»

«አለው፤ ግን የስንቱን ልጅ ያያል? ነጠላዬን ወገቧ ላይ አስሬ ጫፉን እይዛለሁ።»

«ነጠላ ይቀደዳል።»

«ለመጠባበቂያ የአባቷን ጋቢ ፓክ አድርጌያለሁ።»

«ጋቢ ውሃ ሲጠጣ በሬ ያክላል! ይዞሽ ቢገባስ?»

«አብሬያት እገባለኋ!»

«አንቺንስ ማን ይጎትትሻል?»

«አባቷ።»

«እሱንስ?»



ከኋላቸው የተቀመጥኩት እኔም፣ ዋና የማያውቁ ሁለት እግሮቼን ቀስ ብዬ ከአውቶቡሱ ወለል ላይ አነሳሁ።